ግራጫዋ ጌም ለምን ትሸጥ ነበር

ባለፈው ዓመት መቀሌ ሄድኩ። ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የያዝኩት ታክሲ ሰሜን ክፍለ ከተማ ሲያወርደኝ የልጅነት ጓደኛዬ ፍረወይኒ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ እሷን አላቀፍኩም። የግቢው አጥር ላይ ሁለት የራዲዮ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ ተሰጥተው አየሁና ቀጥ ብዬ ወደ እነሱ ሄድኩ። አንዱን አንስቼ አሸተትኩት። የሞቀ ቆርቆሮ፣ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ ደግሞ የተለበለበ ላስቲክ ይሸታል።

"ኣንቲ ዘሀራ፣ በጤናሽ ነው? ሰው ሰላም ይላል እንጂ ድንጋይ ያሸታል?" አለችኝ።

ምን ብዬ ላስረዳት? እኔ ለራሴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አንድ ጥያቄ ይዤ ከሱቅ ሱቅ ስሮጥ ነበር የታየኝ።

ያ ክረምት መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ክረምት ነበር። ዛሬ የእኛ ሰፈር ካገኘ ነገ የማዶዎቹ ተራ ነው፤ ተራችን በደረሰበት ቀንም ቢሆን ዝናቡ ሲጀምር ድርግም ይላል። ሰው ሁሉ በራዲዮና በባትሪ ነው የሚኖረው። የደከመ ድንጋይ አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፣ አንዳንዱ በጥርሱ ነከስ ያደርገዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራል። በየቤቱ ቆርቆሮና በየአጥሩ ላይ ድንጋይ እንደ በርበሬ ተሰጥቶ ማየት የተለመደ ነበር።

አባዬ እንድሪስ የወሎ ሰው ነው። ከደሴ ተነስቶ መቀሌ ሲገባ እኔ እማዬ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ነበርኩ፤ ስለዚህ የማውቀው አገር መቀሌ ነው። ደሴን የማውቃት ለዒድ ስንሄድ ነው። እዚያ የአጎቴ ልጆች አነጋገሬን ሰምተው "መቀሌዋ መጣች" እያሉ ይስቁብኛል። መቀሌ ስመለስ ደግሞ "ወሎየዋ" ነኝ። ይሄኛው አይከፋኝም ነበር፤ ወሎየዋ የሚሉኝ እየጠሩኝ ነው፣ መቀሌዋ የሚሉኝ ግን እያባረሩኝ ይመስለኛል።

ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችን። አባዬ ጫማ ይሸጥ ነበር። የዚያን ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄደና ጫማውን ትቶ በእጅ የሚያዝ የጌም ማጫወቻ ይዞ መጣ። ጥቁር የሚያብረቀርቅ፣ ስክሪኑ ባለቀለም፣ ውስጡ ሰዎች የሚሮጡበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ባሕር ያለበት ነው። እንደ ሞባይል በሶኬት ይሞላል። ያለንን ገንዘብ ሁሉ እዚያ ካርቶን ውስጥ ጨምሮት ነበር። መደርደሪያው ላይ ሲደረድረው ከደስታ የተነሳ ያፏጫል።

ምክንያቱ የሱቃችን ጎረቤት አደይ ምሕረት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አደይ፣ እናቴ፣ የሚላቸው የፍረወይኒ አያት ናቸው፤ ሻማ፣ ክብሪት፣ መርፌ፣ የራዲዮ ድንጋይ ይሸጣሉ። ከእነዚያ ጋር ደግሞ በሲባጎ የተንጠለጠለች ግራጫ ጌም አለች። እሷ እንኳን ቀለም ጥላ እንኳ በቅጡ የላትም። ጡብ ከላይ ይወርዳል፣ ትደረድራለህ፣ ከሞላብህ ትወድቃለህ፣ "ጢው ጢው ጡው" ብላ ታለቅሳለች። በሁለት ድንጋይ ትሠራለች። እሷ እንደ ትኩስ ዳቦ ስትሸጥ ያየው አባዬ "እንዲህ ዓይነቷ ከተሸጠች ባለቀለሙማ ምን ሊሆን ነው!" ብሎ ነው የጫማ ንግዱን የተወው።

ምንም አልሆነም። ሰው ይመጣል፣ የእኛን ይነካካል፣ "ወይ ጉድ!" ይላል፣ ያደንቃል፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ከአደይ ምሕረት ግራጫዋን ገዝቶ ይሄዳል። ሰኔ አለቀ። ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አባዬ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ።

"ወንድምሽ ደሴ ና፣ ከኔ ጋር ሥራ ብሎኛል። አሸንዳ እስኪያልፍ ልየው። ካልተሸጠ ጠቅልለን እንገባለን።"

"አብሽር፣ አላህ ያውቃል" አለች እማዬ፤ ድምፅዋ ግን የአብሽር ድምፅ አልነበረም።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። እበላለሁ ቆሜ፣ እተኛለሁ እየተገላበጥኩ። እማዬ "ይህች ልጅ ጉንዳን ገብቶባታል" ትላለች። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፦ ግራጫዋ ለምን እንደምትሸጥ ካወቅኩ ባለቀለሙም ይሸጣል፤ ባለቀለሙ ከተሸጠ ፍረወይኒን ትቼ አልሄድም።

ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። አባዬን ስጠይቀው "ሰዉ ጥሩ ነገር ስለማያውቅ ነው" አለ። እማዬ "ዓይን ነው፤ ካርቶኑ ሲወርድ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር" አለች። ፍረወይኒ ግን መልሱን በጣቷ አሳየችኝ። ግራጫዋ ጀርባ ላይ ዘጠኝ ቁጥር አራት ጊዜ ተጽፏል። "ይሄን ያህል ጨዋታ አላት። የእናንተ ስንት አለው?" የእኛ አሥራ ምናምን ነበረው። አፈርኩ። እውነት መሆኑን ለማየት ከሱቁ ጓሮ ተቀምጠን አንድ በአንድ እየቀየርን ማየት ጀመርን። ገና ብዙም ሳንሄድ ያው ጡብ ተመልሶ መጣ፤ ትንሽ ፈጠን ብሎ። ከዚያ ያው እባብ፣ ከዚያ ያው መኪና። ፍረወይኒ ተናደደች። እኔ ተናደድኩም ተደሰትኩም፤ ቢያንስ በቁጥር እንዳልበለጡን አወቅኩ።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ድግምት ነው። አደይ ምሕረት ጠዋት ጠዋት ድንጋዮቻቸውን ቆርቆሮው ላይ ሲያሰጡ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እያንዳንዱን በጣታቸው ገልበጥ ያደርጉና አንድ ነገር ይሉታል። በርሜሉ ኋላ ተደብቄ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

"በሉ ተነሱ እናንተ ሰነፎች። ትናንት እኮ ነው የገባችሁት፤ በአንድ ቀን ዜና ትደክማላችሁ? ተገልበጥ አንተ ደግሞ!"

እየሰደቧቸው ነበር። ድግምቱም ቀረ።

አንድ ደህና ገዢ የመጣ ቀን ትዝ ይለኛል። ለልጁ ሊገዛ ነው፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ያደረገ፣ የተከበረ የሚመስል ሰው። ባለቀለሙን ወደደው። ጥሩ አድርጎ ሊያየው ወደ በሩ ወጣ፤ ፀሐዩ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ እንደ ጥቁር መስታወት ሆነና የራሱን ፊት ብቻ አሳየው። አባዬ ሮጦ ወደ ውስጥ መለሰው፤ ውስጡም ብርሃን ሲበዛበት ጋቢውን አውልቆ የራሱንም የሰውየውንም ጭንቅላት ሸፈነ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ጋቢ ውስጥ ሆነው "ይታያል?" "አዎ፣ አዎ፣ ፈረስ ነው?" ሲባባሉ እኔ በሳቅ ሞትኩ። እማዬ ቆነጠጠችኝ። ከጋቢው ሲወጡ የሰውየው ፀጉር ቆሞ ነበር፤ አመስግኖ ሄደ። በዚያው ሰዓት አደይ ምሕረት በር ላይ ልጆች ግራጫዋን ፀሐይ ላይ ከብበው ይጮሃሉ። እሷ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ነው የምትታየው።

ባለቀለሙን የገዛልን አንድ የሰፈር ሰው ባለ ወፍጮው ነበር፤ ለልጁ ለኪሮስ። አባዬ "አሁን ጉድ ይታያል፤ ኪሮስ ሲጫወት ያየ ልጅ ሁሉ አባቱን ይዞ ይመጣል" አለ። ኪሮስ ግን ጠፋ። ቤት ገብቶ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣ ሶኬቱ ሥር ተጋድሞ ይጫወታል። ስንጠራው በእናቱ በኩል "አልጨረስኩም በሏቸው" ይለናል። የእሱ ጨዋታ አያልቅም፤ አንድ ሰው ጀምሮ ለሳምንት ይይዘዋል። ማንም አላየውም፣ ስለዚህ ማንም አልቀናበትም። በኋላ መብራት ለሁለት ፈረቃ ጠፍቶበት ሲወጣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ዓይኑን እያሸ፣ "ተራ ስጡኝ" ብሎ የእኛ ክብ ውስጥ ገባ።

ክቡ ሕግ ነበረው። አንዲት ግራጫ ጌም፣ ዙሪያውን የተቀመጥን ልጆች። የወደቀ በቀኙ ላለው ያቀብላል። ያቀበለ ተነስቶ አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ የሌላውን አወዳደቅ እያየ ተራውን ይጠብቃል። አኩርፎ የሚነሳ ካለ ሁላችንም በአንድ ድምፅ "ኮፍ በል!" እንልበታለን። ትግርኛ ነው፤ ተቀመጥ ማለት ነው። እንኳን ልጅ ድመት ብትሰማው ትቀመጣለች።

ነሐሴ ሲገባ የአደይ ምሕረት ወንድም ዓይደር ሆስፒታል ተኛ። ምሳ ልናደርስ በባጃጅ ስንሄድ እኔም ከፍረወይኒ ጋር ተጠቅጥቄ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አስታማሚዎች ተቀምጠዋል፤ ሳህንና ፔርሙስ የያዙ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ ከገጠር የመጡ፣ ከከተማ የመጡ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች። መሃላቸው ግራጫዋ አለች! አንዲት እናት ለታመመ ልጇ የገዛቻት ነች፤ ልጁ ተኝቷል፣ ጌሟ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። አንድ ሽማግሌ ወደቁ፤ በቀኛቸው ላለችው ሴት አቀበሉ። ሴትዮዋ ስትወድቅ "ኣየ!" ብላ ሳቀች፤ እዚያ ከመጣች ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ማን ሕጉን እንደነገራቸው አላውቅም። ስንመለስ አንድ አስታማሚ ተከትሎን መጥቶ "እናቴ፣ ያቺን ጌም የምትሸጪው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ ሱቅሽ የት ነው?" አላቸው አደይ ምሕረትን።

ያን ለአባዬ ስነግረው "ሥራ ፈቶች ናቸው" አለ።

አሸንዳ ሊደርስ ሲል ተስፋ መጣ። አንድ የውቅሮ ነጋዴ ዕቃውን አይቶ ከወደደው በሙሉ ሊወስድ ቀጠሮ ያዘ። አባዬ ፂሙን ተላጨ፣ እማዬ ሱቁን በውኃ አጠበች። እኔ በሩ ላይ ስወጣ ስገባ ዋልኩ። ችግሩ ፈረቃው የእኛ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ተራችንም ዝናብ መጥቶ መብራቱ ጠፍቷል። ከካርቶኑ አንዱም የሚበራ የለም። ነጋዴው ደግሞ አንዱን አንስቶ ቁልፉን ተጭኖ ሊሞክር ነው።

አባዬ መደርደሪያው ፊት ቆሞ እጁን ሲያፋትግ አደይ ምሕረት በበሩ ብቅ አሉ።

"እንድሪስ ወደይ፣ ምን ሆንክ?" ልጃቸው ባይሆንም ወደይ፣ ልጄ፣ ነው የሚሉት።

"ሞተዋል አደይ። ሁሉም ሞተዋል።"

"ፀሐይ አስመታቸው እንጂ። ድንጋይ በፀሐይ ከዳነ እነዚህ ለምን ኣይድኑም? ሆዳቸው ውስጥ ያለው ያው ድንጋይ ኣይደለም?"

አባዬ አየኝ፣ ሰማዩን አየ። ሰማዩ በዝናብ የታጠበ፣ ፀሐዩ ቆዳ የሚልጥ ነበር። መሰላል አምጥተን ሁሉንም አንድ በአንድ ቆርቆሮው ላይ ደረደርናቸው። ነጋዴው የቱን እንደሚያነሳ ስለማይታወቅ አንድም አላስቀረንም። አደይ ምሕረት ከታች ሆነው "ገልብጧቸው፣ በጀርባቸው ነው የሚጠጡት" ይላሉ። እኔም እንደ እሳቸው "ተነሱ እናንተ ሰነፎች" አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚድኑ መስሎኝ ነበር፤ ሁላችንም መስሎን ነበር።

ነጋዴው ሲደርስ አባዬ አንዱን ሊያወርድ ወጣና "አህ!" ብሎ እጁን መለሰ። ተቃጠለ። በጋቢው ጫፍ ይዞ አወረደው። ሆዱ አብጧል፣ ጀርባው ተከፍቷል፣ ስክሪኑ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሌላ አወረደ። ሌላ። እኔ በማውቀው የተሰጣ ድንጋይ ሽታ ላይ ያን ቀን የተለበለበ ላስቲክ ተጨመረበት። ነጋዴው ደግ ሰው ነበር፤ አንዱን ይዞ ብዙ ጊዜ ተጫነው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና "እንድሪስ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይርዳህ" ብሎ ወጣ።

እማዬ ማልቀስ ጀመረች። "ሆን ብላ ነው! ወላሂ ሆን ብላ ነው! ገበያዋን ልትጠብቅ!" እያለች ግድግዳውን ትመታለች፤ ግድግዳው ቆርቆሮ ነውና አደይ ምሕረት ሁሉንም ይሰማሉ። እኔ ፍረወይኒ እንዳትሰማ ጆሮዋን ልይዝ ይመስል ወደ እነሱ ሱቅ ሮጥኩ። አደይ ምሕረት ዱካቸው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ያያሉ። ፍረወይኒ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማለች። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"ተይ አንቺ ሴት" አላት አባዬ ከግድግዳው ማዶ። "ድንጋይ ማስጣት ደሴም እናውቀዋለን። እሳቸው ባይነግሩኝም አደርገው ነበር።"

አሸንዳ መጣ። ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው በሱቃችን በር አለፉ። እኔ ከፍረወይኒ ጋር እንዳልጫወት ተከልክያለሁ። እሷ የአሸንዳ ሣሯን ወገቧ ላይ አስራ ስታልፍ ወደ እኔ አላየችም። ወይም አይታለች፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ቤታችን ውስጥ ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ ድስቱ በገመድ ታስሯል። የጭነት መኪና ሹፌር ለማግስቱ ተነግሮታል።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት አደይ ምሕረት ወደ እኛ በር መጡ። እማዬ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። እሳቸው ግን ለአባዬ ነበር የመጡት።

"ወደይ፣ ጌም አንዴ ይገዛል፣ ድንጋይ ግን ሁልጊዜ ነው። እኔ ጉልበቴ ደክሟል፣ ሄጄ ማምጣት ኣልችልም። ድንጋዩን አንተ ያዘው፣ እኔ ጡቧን ልያዝ። ሁለታችንም እንበላለን።"

"ምጽዋት አልፈልግም አደይ" አለ አባዬ። እሳቸውም ሄደው በራቸው ላይ፣ ልጆቹ መሃል፣ ዱካቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ክቡ ተጀምሮ ነበር። እኔ ክልከላውን ረስቼ፣ ወይም ነገ ስለምሄድ ንቄው፣ ከአደይ ምሕረት ቀኝ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፍረወይኒ በግራቸው በኩል ሆና ጡብ ትደረድራለች።

አባዬ ባዶ ሱቁ ውስጥ መቆም አቃተው መሰለኝ፣ በርጩማ ይዞ ወጣ። ጥላ ያለው በፍረወይኒና በአደይ ምሕረት መካከል ብቻ ነበር፤ እዚያ ተቀመጠ። መንገዱን እያየ ነው፣ እኛን አላየንም። ፍረወይኒ ወደቀች። ዓይኗን ሳታነሳ፣ እጇ ብቻ ሕጉን አውቆት፣ በቀኟ ላለው ሰው አቀበለች።

አባዬ ግራጫዋን እጁ ላይ አገኛት። ያን ሁሉ ወር ሲጠላት ነክቷት አያውቅም። ሊመልሳት ነበር፤ ጡቡ ግን መውረድ ጀምሯል። አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሌላኛው። ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ አወጣ። ልጆቹ "በግራ! በግራ አባ ዘሀራ!" እያሉ ይጮሃሉ። አንድ መስመር ሞላለትና ጠፋ፤ አባዬ "ኧረ!" አለ፣ ሳቀ። ከቀጠሮው ቀን ወዲህ ጥርሱን አላየሁም ነበር። ከዚያ ቸኮለ፣ ተደራረበበት፣ "ጢው ጢው ጡው" አለች።

ለአደይ ምሕረት አቀበላቸው። ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ በርጩማውን አነሳ። "በቃ፣ እኔ ጨርሻለሁ" አለ።

እኔ ምንም አላሰብኩም። ለማንኛውም ልጅ እንደምለው፣ ለኪሮስም እንደምለው፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

"አቀብሎ መሄድ የለም! ተራህ ይመጣል! ኮፍ በል!"

"ኮፍ በል!" አለ ክቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ።

አባዬ በርጩማውን እንደያዘ ቆመ። ልጁ ትልቅ ሰው ላይ ስትጮህ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም፤ በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አደይ ምሕረት ከጡቡ ዓይናቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

"ኮፍ በል ወደይ። እኔም አሁን እወድቃለሁ።"

በርጩማው መሬት ሲነካ ሰማሁ። ዓይኔን ስከፍት አባዬ ተቀምጧል፤ ጉልበቱን አቅፎ፣ እንደ ልጅ።

"ከኔ በፊት ስንት ሰው አለ?" አለ።

"ክቡን ዞሮ ነው የሚመጣው" አለችው ፍረወይኒ።

አባዬ ወደ አደይ ምሕረት ዞረ። "አደይ፣ የድንጋዩ ነገር እንዳሉኝ ነው?"

"እንዳልኩህ ነው።" ወዲያው ደግሞ ወደቁ፤ "ኣየ ጉድ!" ብለው ግራጫዋን ለእኔ ዘረጉልኝ።

ያኔ ነው አባዬ የጠራኝ። "ዘሀራ፣ ሩጪና ለሹፌሩ ነገ እንዳይመጣ ንገሪው።"

ያን ክረምት ሙሉ ተራዬን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ሳልጫወት በቀኜ ላለው ለኪሮስ አቀበልኩት፤ ተነሳሁና በውቅሮ መንገድ ወደ ታች መሮጥ ጀመርኩ። ማንም ኮፍ በይ አላለኝም።